ከስፒከሩ ጀርባ የተጻፈው

«እህቴ፣ ይሄ ነገር ስንት ዓመት ይቆያል?»

ጠያቂዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ረጅም ሴት ነበረች። በአንድ እጇ ወገቧን ይዛ፣ በሌላው ጠረጴዛው ላይ የተኛውን የመኪና ስፒከር ታሳያለች። የተጠየቀችው ደግሞ አሥሩም ጣቶቿ ማስቲሽ በማስቲሽ ሆነው አዲስ ጠርዝ እያጣበቀች ነበር። ቀና አለች። አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። ከሦስት ዓመት በላይ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ስፒከር ስትጠግን ኖራለች። የጠገነችው ስንት ዓመት እንደሚቆይ ግን አንድም ቀን ራሷን ጠይቃ አታውቅም። 

መልሱ የመጣው ከሱቁ መጨረሻ ነው።

«ዕድሜ ልክ!» አሉ የሱቁ ባለቤት፣ ፊታቸው ሳይታይ ድምፃቸው ቀድሞ።

«የማን ዕድሜ ልክ?» አለች ሴትዮዋ። «የመኪናው ነው፣ የስፒከሩ ነው ወይስ የእርስዎ?»

ሱቋ ጠባብና ረጅም ስለሆነች መተላለፊያ እንጂ ክፍል አትመስልም። ከፊት የአንድ መኪና አፍንጫ ታስገባለች። ከኋላ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ መደርደሪያና ግድግዳው ላይ እንደ ልብስ የተሰቀለ የሽቦ ጥቅል አለ። እዚያ ውስጥ የሚሠሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ባለቤቱ፣ ሁሉም ሰው «ጋሼ» የሚላቸው ሽማግሌ ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት የመኪና ቴፕ ሲፈትሹ ቀኝ ጆሯቸውን ጨርሰውታል፤ ግራውም ቢሆን ደስ ሲለው ነው የሚሰማው። ስለዚህ ስፒከር የሚፈትሹት በመዳፋቸው ነው። እጃቸውን ወረቀቱ ላይ በስሱ ያሳርፉና ዓይናቸውን ጨፍነው «ይተነፍሳል» ወይም «አይተነፍስም» ይላሉ። ተሳስተው አያውቁም።

ሁለተኛው ሽቦ የሚዘረጋውና ቴፑን የሚገጥመው ሰውዬ ነው። ቶሎ ስለሚግል ሾፌሮች «ቮልቴጅ» የሚል ስም አውጥተውለታል። የሁለት ልጆች አባት ነው፤ ሱቋ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቷል።

ሦስተኛዋ እሷ ናት። ቀድሞ ከሱቋ አጠገብ የመኪና ወንበር ልብስ ትሰፋ ነበር። ጋሼ አንድ ቀን ጥግ ላይ ጨርቅ ሳታጨማድድ ስታዞር አይተው «ይሄ እጅ ወንበር ላይ ባክኗል» ብለው ወሰዷት። የስፒከር ወረቀት ከብረቱ ጋር የሚያያዘው በዙሪያው ባለ ስስ ጠርዝ ነው፤ ጠርዙ ስፖንጅ ወይም ጎማ ይሆናል። ፀሐይና አቧራ ሲበላው ይፈረካከሳል። ያኔ ዘፈኑ ጉንፋን የያዘው ሰው የሚያወራ ይመስላል። የእሷ ሥራ የበሰበሰውን ጠርዝ ልጣ፣ ብረቱን ፍቃ፣ አዲስ ጠርዝ ቆርጣ ማጣበቅ ነው። ጣቶቿ ሁልጊዜ ስለሚጣበቁ ሾፌሮቹ «እትዬ ማስቲሽ» ይሏታል። አትቆጣም።

ረጅሟ ሴት የአንድ ታክሲ ማኅበር የጥገና ኃላፊ ነበረች። ወንበር ሲቀርብላት አልቀመጥም አለች።

«ሃያ ሁለት ሚኒባስ አለን» አለች። «የሁሉም ቴፕና ስፒከር እድሳት ይፈልጋል። ታች መንገድ የተከፈተው አዲሱ ሱቅ የሦስት ዓመት ዋስትና በማኅተም እሰጣለሁ ብሎኛል። ሱቁ ራሱ ግን ገና ስድስት ወሩ ነው። ሦስቱን ዓመት ከየት አመጣው ብዬ ነው ወደ እናንተ የመጣሁት። እናንተ ቆይታችኋል። የሠራችሁት ስንት ጊዜ እንደቆየ በጽሑፍ አሳዩኝ። ዓርብ ጠዋት እመለሳለሁ።»

«እሱማ ቀላል ነው!» አሉ ጋሼ፣ ደረታቸውን ነፍተው። «እኔ እኮ ቀን ሳይጻፍበት አንድም ስፒከር ከዚህ በር አላስወጣም። ጀርባውን ገልብጦ ማየት ነው። ይቺ እህታችን ናት የምትጽፈው። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላስታጎለችም!»

እህታቸው በዚያች ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ከንፈሯ እምቢ አላት።

ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ ጋሼ ሁለቱንም ጠሩ። ለመስማት እንዲመቻቸው ግራ ጎናቸውን ሰጥተው ቆሙ።

«ልጆቼ፣ እውነቱን ልንገራችሁ። ሥራው ቀዝቅዟል። አዳዲሶቹ መኪኖች ቴፓቸው ከነስክሪኑ ተገጥሞ ነው የሚመጡት። ይሄን ሥራ ካጣን ሦስት ሆነን አንቀጥልም። አንዳችሁን ማሰናበቴ ነው።» ይህን ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ግን አናጣውም። ቀኑ ተጽፏል እኮ!»

ነገሩ እንዲህ ነበር። እዚህ ሥራ በጀመረች በመጀመሪያው ሳምንት ጋሼ ማርከር ሰጥተዋት «ከመክደንሽ በፊት ጀርባው ላይ ቀኑን ጻፊበት» አሏት። «እሺ ጋሼ» አለች። መጻፍ ግን አትችልም ነበር። ከዚያ በፊት የልጇን የውጤት ካርድ ገልብጣ ይዛ ፈርማ፣ ልጇ በአስተማሪው ፊት አንገቷን ስትደፋ አይታለች። ማርከሩን የተቀበለች ዕለት ነው ጤና ጣቢያው አዳራሽ ውስጥ ለትልልቅ ሰዎች የሚሰጠውን ትምህርት የተመዘገበችው። ትምህርቱ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ጋሼን «በልጄ ጉዳይ» ብላ አስፈቀደች፤ እሳቸውም የምን ጉዳይ ብለው ሳይጠይቁ «ሂጂ» አሏት። ስለዚህ ነገር እስከ ዛሬ ስታመሰግናቸው ትኖራለች።

ማርከሩ ግን እጇ ላይ ቀረ። አልችልም ማለት አፈረች። ባዶውን መክደንም ፈራች። ስለዚህ በዚያ ሰሞን የተማረችውን ጻፈች። የመጀመሪያው ስፒከር ጀርባ ላይ ሀ ሁ ሂ አለ። በሳምንቱ ለ ሉ ሊ ሆነ። ሰው ሁሉ ጀርባውን አይቶ «ጽፋለች» ይላል፤ ምን እንደጻፈች ለማንበብ የሚጎነበስ አልነበረም። ቀስ በቀስ ፊደሉ ቃል ሆነ፣ ቃሉም ዓረፍተ ነገር ሆነ። ቀን መጻፍ ስትችል ደግሞ ልማዱ ለቆ አልሄደም። ቤት ውስጥ ለመለማመድ ጊዜ የላትም፤ ስፒከሩ ሁለተኛ ደብተሯ ሆኖ ነበር። በዚያ ላይ ድንገት ቀን መጻፍ ብትጀምር አንድ ሰው «የድሮውስ?» ቢላትስ? እንዲሁ እየፈራች፣ እንዲሁ እየጻፈች ሦስት ዓመት አለፈ።

ኃላፊዋ በመጣችበት ዕለት ምሽት እቤቷ ገብታ ሻይ አፈላች። ቤቷ በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለ አንድ ክፍል ነው። ከመጋረጃው ወዲያ ልጇ ታጠናለች፤ የነርስነት ትምህርቷን ልትጨርስ ስድስት ወር ቀርቷታል።

«እማዬ» አለች ልጅቷ አንዴ ፉት ብላ፣ «ሻዩ ውስጥ ጨው ነው የጨመርሽው።»

«ይቅርታ የኔ ልጅ።»

«ምን ሆነሻል?»

«ምንም። ራሴን አሞኝ ነው።»

«ራስ ምታት በጨው ሻይ አይድንም። ይሄን ሁለተኛ ዓመት ላይ ተምረነዋል።»

ሳቀች፤ እናትየውም አብራት ሳቀች። እሷ ግን ሌሊቱን ሙሉ ስታሰላ አደረች። ማን እንደሚሰናበት አልጠፋትም። ሽቦ የሚዘረጋ ሰው ሳይኖር ሱቅ አይኖርም። የእሷ እንጀራ ከቆመ ደግሞ የልጇ ስድስት ወር መንገድ ላይ ይቀራል።

በማግስቱ መጀመሪያ የመጣው «ጥሩንባ» የሚባለው ሾፌር ነው። ስሙን ያገኘው ሰው ሲያይም፣ ሰው ሲያጣም ጥሩንባ ስለሚነፋ ነው። የኋላው ስፒከር ድምፁ ተበላሽቷል ብሎ ነበር። ቮልቴጅ ሽፋኑን ፈታ፣ ስፒከሩን አውጥቶ ገለበጠና ለጋሼ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ።

«ድመቷ… ወተት… ጠጣች።»

ቮልቴጅ ዓይኑን አጥብቦ እንደገና አየው።

«ምን ጠጣች?» አሉ ጋሼ ግራ ጆሯቸውን አስጠግተው።

«ወተት፣ ጋሼ።»

«ማን?»

«ድመቷ።»

ጥሩንባ ሆዱን ይዞ መሪው ላይ ተደፋ። «ለዚህ ነዋ!» አለ። «ኋላ የሚቀመጡት ተሳፋሪዎች የሆነ ነገር ይጮኻል ሲሉኝ እኮ ነው የከረምኩት!»

ቮልቴጅ ሌላኛውን የኋላ ስፒከር ፈትቶ ገለበጠ። «በ ቡ ቢ ባ» ይላል። መደርደሪያው ላይ ለጥገና የተቀመጠውን አንስቶ አየ። «አያቴ በር ከፈተች» ይላል። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። ጋሼም ዞሩ።

ማርከሩን ሁለት እጇ ላይ አስተኝታ ይዛ ነበር፤ የሰረቀችውን የምትመልስ ትመስላለች።

«ቀን መጻፍ አልችልም ነበር» አለች። «ማንበብም አልችልም ነበር። በልጄ ጉዳይ ነው ብዬ የምወጣው ለትምህርት ነበር። አልችልም ማለት አፍሬ፣ የተማርኩትን ጻፍኩበት። ጥፋተኛ ነኝ፣ ጋሼ።»

ጋሼ መዳፋቸውን ድመቷ ያለችበት ስፒከር ላይ አሳረፉ፤ ትንሽ ቆይተው አነሱት። ከዚያ በሩ ላይ ያለችው በርጩማ ላይ ሄደው ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

«እትዬ» አለ ቮልቴጅ ቀስ ብሎ፣ «ሦስት ዓመት ሙሉ ድመት ስታጠጪ እኔ የት ነበርኩ?» ሊቀልድ ፈልጎ ነበር፤ ዓይኗን ሲያይ ተወው።

ሊያሰናብቷት እንደሆነ አወቀች። ስፒከሩን አነሳችና የጻፈችውን አየች። የገዛ እጇ ነው፤ «ጠጣች» የሚለው ቦታ አልበቃው ብሎ ወደ ላይ ታጥፏል። ያን ቀን ትዝ አላት። አስተማሪዋ ጉንፋን ድምፅዋን ዘግቶባት በምልክት ነበር ያስተማረቻቸው። ድመቷን ሰሌዳው ላይ ስላ፣ ወተቱን ስላ፣ ምላሷን አውጥታ ስትልስ ክፍሉ በሳቅ ፈርሶ ነበር። ደብተሩ ላይም በቀይ እስክሪብቶ…

«ጋሼ!» አለች። «ቀኑ አለ!»

«ምን አለ?»

«ቀኑ! እኔ አልጻፍኩትም፤ አስተማሪዬ ግን ጽፋዋለች። በየደብተራችን ራስ ላይ፣ በየትምህርቱ ቀን፣ በቀይ። ድመቷ የቱ ገጽ ላይ እንዳለች ካገኘሁ ስፒከሩ መቼ እንደተሠራ ይታወቃል!»

ጋሼ በርጩማቸው ላይ ዞሩ። «ደብተሩ አለሽ?»

«አራቱም አሉ።»

«ታዲያ ቆመሽ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ነይ ግቢ!» አለ ጥሩንባ የመኪናውን በር እየከፈተ። እስከ ቤቷ ድረስ ጥሩንባውን ሳይለቅ ወሰዳት፤ ሳይለቅም መለሳት። ደብተሮቹን በፌስታል ጠቅልላ ጭኗ ላይ ይዛቸው ነበር። ሰው አራስ ልጅ እንኳ እንዲያ አጥብቆ አይዝም።

ድመቷ ሁለተኛው ደብተር ውስጥ ተገኘች። የጥሩንባ ስፒከር ከተጠገነ ሁለት ዓመት ከአንድ ወር ሆኖታል። «በ ቡ ቢ ባ» ከዚያ ቀድሞ የመጣ ነው፤ ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር። እሱ ግን አልተቀደደም።

«አንዱ ሲቀደድ አንዱ ለምን ደህና ሆነ?» አሉ ጋሼ። በርጩማዋን ትተው ተነሥተዋል።

«መኪናህን የት ነው የምታቆመው?» ስትል ጥሩንባን ጠየቀችው።

«ከግድግዳው ሥር፣ ሁልጊዜ በአንድ ወገን። ከሰዓት በኋላ ግራ ጎኑን ፀሐይ ትጠብሰዋለች።»

የተቀደደው ስፒከር የግራው ነበር።

ወሬው በሾፌሮች ዘንድ እንደ እሳት ተዛመተ። በዚያ ሳምንት ድምፁ ያልተበላሸም መጣ፤ «የኔ ጀርባ ላይ ምን ተጽፏል?» ለማለት ብቻ። ቮልቴጅ ይፈታል፣ እሷ ታነባለች፣ ደብተር ትገልጣለች፣ ቀኑን ታገኛለች፣ አዲስ ወረቀት ላይ ትጽፋለች። ጋሼ በመዳፋቸው ይፈትሹና «ይተነፍሳል» ይላሉ። አንዱ ሾፌር «ልጁ ኳስ መታ» የሚል ደርሶት «ለዚህ ነው የመኪናዬ በር የሚንኳኳው» አለ። ሌላው «እግዜር ይስጥልኝ» የሚል ሲያገኝ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ቆይቶ፣ ቮልቴጅን «ይሄኛውን አታጥፋብኝ፤ እንዳለ ክደነው» ብሎ አዘዘው።

ረቡዕ ማታ አስተማሪዋን ለማመስገን ከትምህርት በኋላ ቀረች። አስተማሪዋ ታሪኩን ሰምታ በእጇ አፏን ሸፈነች።

«እኔ እኮ» አለች ሳቋን እየታገለች፣ «ቀን የምጽፈው ማን እንደቀረ ለማወቅ ነበር።»

በዚያች ቃል ነው ልቧ ስንጥቅ ያለው። እሷ የቀረችበት ጊዜ ነበረ። አንድ ዓመት ከግማሽ በፊት ልጇ ታምማ ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ደብተሩ ላይ «ቀርታለች፣ ቀርታለች፣ ቀርታለች» የሚል ቀይ ጽሑፍ አለ። ከመቅረቷ በፊት በነበረው ቀን አስተማሪዋ «ዛሬ እያንዳንዳችሁ የምትወዱትን ቃል ጻፉ» ብላ ነበር። እሷ የጻፈችው «ልጄ» የሚል ነው። በነዚያ ሦስት ሳምንታት አዲስ ትምህርት ስላልነበራት የጠገነቻቸው ስፒከሮች ሁሉ ጀርባ ላይ ያችኑ ቃል ደጋግማ ጽፋለች።

ሐሙስ ጠዋት «ልጄ» ከተጻፈባቸው አራቱ ደረሱ። አራቱም ድምፃቸው ተበላሽቶ የቆዩ ነበሩ፤ ሾፌሮቹም አስታውሰው፣ ሲበላሹ ከተጠገኑ ስምንት ወር አልሞላቸውም ነበር አሉ። አንዱን ገልጣ ጠርዙን ሳበችው፤ ሳይበሰብስ እንደ ቴምብር ተላቀቀ። ስፖንጁ ደህና ነው፤ ያልያዘው ማስቲሹ ነው። ማስቲሽ በሁለቱም በኩል ተቀብቶ፣ ጣት እስኪለቅ ደርቆ ነው የሚጣበቀው። እሷ ያን ጊዜ የሆስፒታሉ የጠያቂ ሰዓት እንዳያልፍባት እርጥቡን አጣብቃ ትሮጥ ነበር።

«ይሄን አንጻፈው» አሉ ጋሼ ዝግ ብለው። «አራት ናቸው እኮ። ሌላው ሁሉ ያማረ ነው። ማን ያያል?»

ቮልቴጅም «ተይው እትዬ» አለ። «እኔም አምፕሊፋየር ያቃጠልኩበት ሳምንት ነበረ። ሚስቴ ስትወልድ።»

መታ መታ አደረገች እስክሪብቶዋን። ፈራች። ይህ ወረቀት ሴትዮዋ እጅ ከገባ «እሷን አሰናብታችሁ ኑ» ልትል ትችላለች። ልጇም ታሰበቻት፤ በዚያ አልጋ ላይ ከንፈሯ ደርቆ «እማዬ መጣሽ?» ስትል። ያ ማስቲሽ ባይደርቅም፣ ደርሳላታለች። በዚያ አላፈረችም። ማፈር ያለባት ከደበቀችው ነው፤ ሦስት ዓመት መደበቅ ምን እንደሚመስል ደግሞ ታውቃለች።

«እጽፈዋለሁ» አለች። «ደብቄ አይቻለሁ። እንቅልፍ የለውም።»

ቮልቴጅ ራሱን አከከ። «እንግዲያው የኔንም ጻፊው» አለ። «ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረውን ሽቦ ቀለሙን ሳልፍቅ በላዩ ያሰርኩበት ጊዜ አምፕሊፋየሩ ዓመት አይሞላም። ፍቄ ያሰርኳቸው ግን እስከ ዛሬ አሉ።»

ዓርብ ጠዋት ኃላፊዋ መጣች። ዛሬ ተቀመጠች። መነጽሯን ከግንባሯ ወደ ዓይኗ አወረደች። ወረቀቱ ሁለት ገጽ ነው፤ ጽሑፉ ትልልቅና ቀጥ ያለ፣ አንዳንድ ቦታ ተሰርዞ የተስተካከለ። እንዲህ ይላል፤ ስፖንጅ ጠርዝ ያለው ስፒከር ጥላ ውስጥ በምትቆም መኪና ሦስት ዓመት ቆይቷል፤ ፀሐይ ላይ በምትቆም መኪና ከሁለት ዓመት ብዙም አያልፍም። የጎማ ጠርዝ ካደረግንላቸው አንድም አልተቀደደም፤ የቆየው ሦስት ዓመት ከሁለት ወር ሆኖታል፤ ከዚያ በላይ ስንት እንደሚቆይ ገና አናውቅም። በር ላይ ያሉት መስኮት ተከፍቶ ዝናብ ከገባባቸው ወረቀታቸው ያብጣል። ቴፕ ከውስጡ በፊት ቁልፎቹ ናቸው የሚያልቁት። ድምፅ እስከ መጨረሻው የሚያስጮኹ ሾፌሮች ስፒከራቸው ዕድሜው ከሌላው በግማሽ ያጥራል። በመጨረሻው ላይ ያ አለ፤ «ልጄ ታማ በነበረ ጊዜ ማስቲሹ ሳይደርቅ ያጣበቅኋቸው ዘጠኝ ናቸው። የተመለሱት አራቱ ስምንት ወር አልሞሉም። ጥፋቱ የኔ ነው። የቀሩትን አምስቱን ያገኘ ቢያመጣ በነፃ እሠራለሁ።»

ኃላፊዋ ያችን ሁለት ጊዜ አነበበቻት።

«ልጅሽ ዳነች?» አለች።

«ድናለች። ነርስ ልትሆን ነው።»

«ይመስገን።» ወረቀቱን አጠፈችው። «የታችኛው ሱቅ ሰውዬ ስፒከሩ ሳይሞት እኔ እሞታለሁ ብሎ ሊምልልኝ ምንም አልቀረውም ነበር። እኔ ደግሞ ሃያ ሁለት ሾፌር አለኝ፤ ምን መቼ እንደሚበላሽ የሚነግረኝ ነው የምፈልገው። አሥራ አንዱን አሁን አመጣለሁ፤ ሁሉም የጎማ ጠርዝ ይሁኑ። በዓመቱ ደህና ከሆኑ የቀሩትን አመጣለሁ።»

«እግዜር ይስጥልን» አለች እሷ።

«አንድ ነገር ግን» አለች ኃላፊዋ ከበሩ ላይ ዞራ። «በኔ መኪኖች ላይ ቀን ይጻፍ።»

«ይጻፋል፣ እመቤቴ። በትክክል።»

«ድመቷ ትቅር አላልኩም። ቀኑም ይጻፍ ነው ያልኩት።»

ጋሼ አልሰሙም ነበር፤ ቮልቴጅ ግራ ጆሯቸው ውስጥ ጮኾ ሲደግምላቸው ግን ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

ሳቁ ሲበርድ ሦስቱ ብቻቸውን ቀሩ። የተገኘው ሥራ ለሁለት ሰው የሚበቃ እንጂ ለሦስት የሚተርፍ እንዳልሆነ ሳይነጋገሩ ገብቷቸዋል። ጋሼ መዳፋቸውን በመዳፋቸው እያሹ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሙ።

«ጋሼ» አለች እሷ ቀድማ፣ «ሦስት ዓመት የዋሸሁት እኔ ነኝ። ቮልቴጅ ደግሞ ሁለት ልጆች አሉት። ስለዚህ…»

«አንቺ ዝም በይ እትዬ!» ቮልቴጅ ጋለ። «ልጅሽ ስድስት ወር ነው የቀራት! ሽቦ እኔ የትም አገኛለሁ፤ ሽቦ የሌለበት መኪና አለ እንዴ?»

«አንተ ደግሞ ልጆችህን…»

«ልጆቼን ለኔ ተይልኝ!»

«ጨረሳችሁ?» አሉ ጋሼ። «በአንድ ጆሮ ሁለታችሁን መስማት ይደክማል።»

ሁለቱም ወደ እሳቸው ዞሩ።

«ሃያ ስድስት ዓመት ‹ዕድሜ ልክ› እያልኩ ሰደድኩ። አንዱንም ተከትዬ አላየሁም። አንቺ በአራት ቀን የነገርሽኝን እኔ በሃያ ስድስት ዓመት አላወቅሁትም። አፍሬ አይደለም የምናገረው፤ ደስ ብሎኝ ነው። የሠራሁት ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር ዘፍኗል፤ ሰው ሥራ ሲሄድ፣ ሲመለስ፣ ሲዘፍን ኖሯል። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? እህቴ ሰፊ ግቢ አላት፤ ና ስትለኝ ስንት ዓመቷ ነው። ሱቁ በኔ ስም ይቆይ፤ ሥራው ግን የእናንተ ነው። አንዳችሁን አሰናብታለሁ ብዬ ነበር፤ ከሦስታችን አንዱ ማለቴ ነበር በሉት።»

እሷ ጎንበስ ብላ እጃቸውን ያዘችና መዳፋቸውን ሳመችው። ማስቲሹ ትንሽ አጣበቃቸው። ጋሼ «እንዲህ አጣብቀሽ ልታስቀሪኝ ነው እንዴ?» አሉና እጃቸውን ቀስ ብለው አላቀቁ።

ጋሼ በወሩ መጨረሻ ወደ እህታቸው ቤት ሄዱ። የእትዬ ማስቲሽ ልጅም ከስድስት ወር በኋላ ተመርቃ፣ ሥራ አግኝታ ወደ ሌላ ከተማ ሄደች። እናትየውና ቮልቴጅ እዚያው ሱቅ ውስጥ ቀሩ።